ከቃሊቲ ወዲያ ለተማሪዎች የባቡር ፌርማታ የት ይቀመጥ? ለአንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የ5ኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ቀላል ባቡሩ ከቃሊቲ ተነስቶ ወደ ቂሊንጦ ቢቀጥል በሚል ግምት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሆን ፌርማታ ነው። ሦስት ቦታ አይቻለሁ። ‹ሀ› ከጊቢው ዋና በር ፊት ለፊት ነው። ‹ለ› ከበሩ 700 ሜትር ያህል ይርቃል፤ የኮንዶሚኒየሙ መንገድ ከዋናው አስፋልት ጋር የሚገናኝበት፣ ሚኒባስና ባጃጅ የሚቆምበት ነው። ‹ሐ› በሁለቱ መሃል ወረድ ብሎ ያለ፣ ጅረት ዳር የሆነ ሰፊ ባዶ መሬት ነው። እኔ ወደ ‹ሐ› አደላለሁ፤ ቦታው ስለሚበቃኝ ላይብረሪና ካፌም ልጨምርበት እችላለሁ። የቱን ልምረጥ? ሳይት አናሊሲሱ ላይስ ምን ምን ላስገባ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ‹ለ›ን ያዢ። መልሱን ከላይ ያስቀመጥኩት ጊዜሽን እንዳልወስድ ነው። የቀረው ለምን እንደሆነና አንቺ ራስሽ እንዴት እንደምታረጋግጪው ነው። ቆጠራሽ ሌላ ነገር ካሳየሽ ደግሞ እኔን ትተሽ ቆጠራውን እመኚ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንነጋገር። ለተማሪ የሚሆን ፌርማታ ስትዪ የትኛውን ተማሪ ነው የምታስቢው? ዩኒቨርሲቲ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጠዋት ጠዋት ከከተማ እየጎረፈ በበሩ የሚገባ ተማሪ ነው። የእኛ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደዚያ አይደለም። መደበኛ ተማሪው በአብዛኛው ዶርም ነው የሚያድረው። ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ካፌ፣ ከካፌ ላይብረሪ ሲል ሳምንቱን ሙሉ ከበር ሳይወጣ ሊከርም ይችላል። እሱ ባቡር የሚፈልገው ዓርብ ከሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓል ሲደርስ፣ ሴሚስተር ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ያኔ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ሻንጣ አለ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አለ፣ ከቤት የተላከ በሶና ቆሎ የያዘ ፌስታል አለ።

በየቀኑ የሚመላለሰውስ ማነው? የማታ ተማሪው አለ። የቅዳሜና እሑድ ተማሪው አለ። መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው አሉ፣ ከዶርም ወጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውም አለ። ከእነዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ትልቅ ቡድን አለ፤ እሱም ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር እየኖረ ትምህርቱን ሳሪስ፣ ሜክሲኮ ወይም ልደታ የሚማረው ልጅ ነው። ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦና ኮዬ ፈጬ የመጣው ሰው ብዙው ከመሃል ከተማ በዕጣ ቤት ደርሶት የመጣ ነው። ቤቱ ዳር ወጣ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና ኮሌጅ ግን እዚያው የድሮ ሰፈር ቀረ። ልጆቹ ጠዋት በጨለማ ተነስተው ሁለትና ሦስት ታክሲ ይቀያይራሉ። ስለ ተማሪ ከልብሽ የምታስቢ ከሆነ እነዚህን ልጆች ከፕሮጀክትሽ ውጪ ልታደርጊያቸው አትችይም።

ልዩነቱ በዓይንሽ እንዲገባሽ አንድ ከሰዓት በኋላ አያት መስመር ላይ ያለውን የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ፌርማታ ሄደሽ ተመልከቺ። ስሙ የዩኒቨርሲቲ ፌርማታ ነው። ግን ያ ተቋም በ1987 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው የመንግሥት ሠራተኛን ማሠልጠን ስለነበር እዚያ የምታገኚው ተማሪ ብዙው ሥራ የያዘ፣ ትዳርና ልጅ ያለው ነው። ሰዓቱ ሌላ፣ የሚይዘው ዕቃ ሌላ፣ ጥድፊያውም ሌላ ነው። ከፌርማታው የሚፈልገውም ቂሊንጦ ያለው የ19 ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ከሚፈልገው ጋር አንድ አይደለም።

ይህን ከለየሽ በኋላ ሰዓቱ ራሱ ቦታውን ይነግርሻል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ከኮንዶሚኒየሙ ወደ ከተማ የሚወጣ ሰው አለ፣ በዚያው ሰዓት ከከተማ ወደ ጊቢው የሚመጣ መምህርና ሠራተኛ አለ። ማታ ይገለበጣል። ማለትም ፌርማታሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጨናነቅ አይደለም፣ ሁለቱም አቅጣጫ እኩል ሰዓት ላይ ይሠራል። በዚያ ላይ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክና የአካባቢው ፋብሪካዎች የሺፍት ሠራተኛ አላቸው፤ ሺፍት የሚቀየርበትን ሰዓት ጠይቀሽ ያዢ። የፋብሪካ ሠራተኛው መኖሩ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ተማሪው አገሩ ሲገባ ፌርማታው ሰው አልባ እንዳይሆን የሚያደርገው እሱ ነው።

አቆጣጠሩን ልንገርሽ። ሦስቱም ቦታ ላይ ሰው አቁሚ፣ የክላስ ጓደኞችሽን ለምኚ። በየ15 ደቂቃው መዝግቡ። የሥራ ቀን አንድ፣ ቅዳሜ አንድ፣ ከተቻለ ደግሞ ተማሪ የሚገባበት ወይም የሚወጣበት ቀን አንድ ይሁን። ቅዳሜን የሚያስቀር ተማሪ ብዙ ነው፣ ግን የቅዳሜና እሑድ ተማሪውን ሌላ ቀን አታገኚውም። የማታ ተማሪው የሚወጣበትንም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ አትዝለዪ፤ ለብቻሽ ግን አትሂጂ። ሰው ስትቆጥሩ በጅምላ አይሁን። ወንድ፣ ሴት፣ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ሻንጣ የያዘ፣ ልጅ ያዘለች፣ በክራንች የሚሄድ፣ ሁሉም ለየብቻ ይመዝገብ።

ከመቁጠርሽ በፊት ተራ አስከባሪዎቹን አናግሪ። ሰዉ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበዛ፣ የትኛው መስመር ታክሲ እንደሚጠፋበት፣ ዝናብ ሲጥል ሰዉ የት እንደሚጠለል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቡና ጋብዢያቸውና ረጋ ብለሽ ጠይቂ። ወያላዎቹንም እንደዚሁ። አማካሪዎችሽ ይህን እንደ ጥናት ላይቆጥሩት ይችላሉ፣ አንቺ ግን ከቆጠራሽ ጎን አስቀምጪውና ሁለቱ ይስማሙ እንደሆነ አሳዪ።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። ሁሉም ተማሪ የሚሠራው አንድ ነገር አለ። ፌርማታው ላይ ኮምፓስ ይተክልና የ500 ሜትር ክብ ይሠራል፣ ክቡ ውስጥ የገባውን ሁሉ «በእግር የሚደረስ» ይለዋል። የእኛ ጊቢ ግን ታጥሯል። ዙሪያውን አጥር ነው፣ በሩ አንድ ወይም ሁለት ነው፣ በሩ ላይም ፍተሻና መታወቂያ አለ። በካርታ 200 ሜትር ላይ የሚታይሽ ዶርም በእግር ሲኬድ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዶርሙ በር ጀምረሽ በእግርሽ ለኪው። ከዶርም እስከ ጊቢው በር፣ ፍተሻው ላይ የሚባክነው ጊዜ፣ ከበር እስከ ፌርማታ። ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይራመዳል ብለሽ አስይ፤ ሻንጣ ከያዘ ከዚያም ይቀንሳል። ከጊቢው በር እስከ ‹ለ› ያለው 700 ሜትር ወደ 9 ደቂቃ ማለት ነው። ለከተማ ባቡር ይህ የሚቻል ርቀት ነው፣ ግን ዳር ላይ ነው፤ በተለይ ሐምሌ ላይ በጭቃ ከሆነ ይረዝማል።

ለዚህ ነው ‹ለ›ን ስትመርጪ አብሮት አንድ ሌላ ነገር እንድታቀርቢ የምመክርሽ። በ‹ለ› በኩል ባለው የጊቢው አጥር ላይ ለእግረኛ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ በር አስቀምጪ። ትንሽ በር፣ አንድ የጥበቃ ቤት፣ መብራት። የአጥሩ ቅርፅ ከፈቀደልሽ መንገዱ በግማሽ ያጥራል፤ 9 ደቂቃው ከ5 በታች ይወርዳል። ከፌርማታው እስከ በሩ ያለው የእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ ዛፍና መብራት ይኑረው። በእኔ አስተያየት የፕሮጀክትሽ ዋና ንድፍ ይህ መንገድ ነው፣ ጣሪያው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ዩኒቨርሲቲው በር አልከፍትም ቢልስ ይሉሽ ይሆናል። ያለ በሩም ያለውን ርቀት አብረሽ አሳዪ፣ ከዚያ ልዩነቱ ራሱ ይናገርልሻል።

‹ሀ› ለምን አልሆነም? በር ፊት ለፊት መሆኑ መጀመሪያ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ግን በሩ ላይ ቀድሞውኑ የመኪና መግቢያ፣ ፍተሻና የቆመ ሰው አለ። ባቡር ሲደርስ በአንድ ጊዜ የሚወርደው መቶና ከዚያ በላይ ሰው በሩ ላይ ይቆለላል፣ የፍተሻው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ 700 ሜትር ራቀ ማለት ነው። በየቀኑ የሚጠቀመውን ሰው አርቀሽ፣ በሳምንት አንዴ የሚጠቀመውን አቀረብሽ።

‹ሐ›ን የወደድሽበት ምክንያት ይገባኛል፤ ባዶ መሬት ለዲዛይነር ያጓጓል። ግን ባዶ የሆነበትን ምክንያት ጠይቂ። የአዲስ አበባ ውሃ ከእንጦጦ ተነስቶ ወደ ደቡብ ነው የሚወርደው። ከተማው የሚያፈስሰው ጎርፍ በቃሊቲና በአቃቂ አድርጎ ነው ወደ አባ ሳሙኤል የሚሄደው፤ አንቺ ያለሽው በዚያ ተፋሰስ የታችኛው ጫፍ ላይ ነው። ትንሿ ጅረት ጥር ላይ ስታያት ትዘልያታለሽ፣ ነሐሴ ላይ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ዳር ዳሩን ሂጂና ቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለውን ፌስታልና ጨርቅ ተመልከቺ። የፌስታሉ ከፍታ ያለፈው ክረምት ጎርፍ የደረሰበት ነው፤ ሜትር አውጥተሽ ከጅረቱ ወለል ለኪው፣ ፎቶ አንሺው፣ ሴክሽንሽ (መሬቱን ቆርጦ ከጎን የሚያሳየው ሥዕል) ላይ አስምሪው። ከአካባቢው ገበሬ ወይም ከአጠገቡ ካለ ሱቅ ሰው ጋር ስታወሪ ደግሞ በየትኛው ዓመት የት ድረስ እንደደረሰ በእጁ ያሳይሻል።

የ‹ሐ› ሁለተኛው ችግር ግን ከውሃው ይከብደኛል። ማታ ላይ ማንም የሚያየው ቦታ አይደለም። የማታ ክላስ ጨርሳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የምትወጣ ልጅ ብቻዋን ወደ ጅረት ዳር ወርዳ ባቡር ትጠብቅ ማለት ነው። ካሜራና መብራት እጨምራለሁ ትዪ ይሆናል። መብራት ይጠፋል። ካሜራ ደግሞ ከሆነ በኋላ ነው የሚያሳየው። ሰውን ሰው ነው የሚጠብቀው፤ ቆሎ የምትሸጠው እናት፣ ሱቁ፣ ጀበና ቡናዋ፣ ባጃጅ የሚጠብቀው ልጅ። እነዚህ ሁሉ ያሉት ‹ለ› ላይ ነው። አንድ ሴት ተማሪ ፌርማታውን በፀሐይ ብቻ የምትጠቀመው ከሆነ ለተማሪ የተሠራ ነው ለማለት ይከብደኛል።

‹ለ› ግን ንጹህ ቦታ አይደለም፣ ይህን ደብቀሽ እንዳታቀርቢ። ይጨናነቃል፣ አቧራና ጭቃ ነው፣ ታክሲው እንደፈለገ ይቆማል፣ የጎርፍ ቦዩ ክፍት ነው። አንድ ነገር ሂጂና ተመልከቺ። እንደዚህ ያሉ መጋጠሚያዎች ላይ ሰዉ በቦዩ ላይ ድንጋይ ደርድሮ፣ ወይም አንድ የተሰበረ የኮንክሪት ቱቦ አጋድሞ መሻገሪያ ይሠራል። ያ ድንጋይ የት እንዳለ፣ ከሱ ተነስቶ በሣሩ መሃል የሚሄደው የእግር ጥርጊያ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ጫማ የተጠረገበት የአስፋልት ጠርዝ የትኛው እንደሆነ ሁሉንም ለኪና ካርታሽ ላይ አስገቢ። ሰፈሩ መሻገሪያው የት መሆን እንዳለበት በእግሩ ወስኖ አስቀምጦልሻል። የአንቺ ዜብራ ከዚያ 60 ሜትር ርቆ ቢሠራ ማንም አይሄድበትም፣ ሁሉም እዚያው በድንጋዩ ላይ ይዘላል።

መሻገሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ካለን መስመር የምንማረው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ያለው ሥራ ጀመረ፣ በጥቅምት ደግሞ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ተከተለ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፣ ፌርማታዎቹ 39 ናቸው። ብዙው ቦታ ላይ ሐዲዱ የመንገዱን መሃል ይዞ፣ በአጥር ተከልሎ ነው የሚሄደው። ባቡሩ ከመኪና ጋር እንዳይጋጭ ይህ ያስፈልግ ነበር። እግረኛው ግን ከፊቱ ያለውን ፌርማታ በዓይኑ እያየ መሻገሪያ ፍለጋ ዞሮ ይሄዳል። የሰፈሩ ሁለት ወገኖችም ተለያዩ፤ ትናንት ማዶ ሄዶ ዳቦ የሚገዛ ሰው ዛሬ ዞሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የምትሠሪው ፌርማታ መሻገሪያም ጭምር ነው። ባቡር የማይሳፈረው ሰውም ያልፍበታል።

የእግረኛ ድልድይ እሠራለሁ ካልሽ በቁጥር አስቢው። ከባቡሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ በላይ ለማለፍ 6 ሜትር ከፍታ ያስፈልግሻል እንበል። ለዊልቸር የሚሆን ራምፕ በ12 ሜትር 1 ሜትር ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ 72 ሜትር ራምፕ፣ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ፣ በአንድ ወገን ብቻ። በደረጃ ከሆነ ደግሞ ሻንጣ የያዘ ልጅና ልጅ ያዘለች እናት ከ35 በላይ ደረጃ ይወጣሉ፣ ያንኑ ያህል ይወርዳሉ። አይወጡም። በአስፋልቱ ነው የሚሮጡት። መሬት ላይ የሚሆን፣ ከፍ ብሎ የተነጠፈ፣ መኪናውን የሚያዘገይና መሃል ላይ መቆሚያ ያለው መሻገሪያ ይሻልሻል። ወደ ቱሉ ዲምቱ በኩል ከአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚወጣ መኪና አለና ፍጥነቱን ቁጭ ብለሽ ተከታተዪ። ሹፌሩ ከፈጣን መንገድ ወጥቶ ገና እግሩን አላነሳም።

መሬቱን በአጭሩ። ያ አካባቢ ጥቁር አፈር ይበዛበታል፣ መረሬ የምንለው። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። አፈሩ በደንብ ካልተቆረጠና በሰሌክት (በተመረጠ የሙሌት አፈር) ካልተተካ ንጣፍሽ በሁለት ዓመት ይነሳል፣ አጥርሽ ይዘማል። ጥልቀቱን የአፈር ምርመራ ነው የሚወስነው፤ አንቺ ግን መጋቢት ላይ ሄደሽ ስንጥቁን ፎቶ ብታነሺ ለጁሪው፣ ማለትም ፕሮጀክትሽን ለሚገመግሙት፣ ብዙ ይናገራል። ሐዲዱ ፌርማታው ላይ ቀጥ ያለና ሜዳ መሆን አለበት። ኩርባ ላይ ከሆነ በባቡሩ በርና በፕላትፎርሙ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ዊልቸሩም ሻንጣውም እዚያ ነው የሚቀረቀረው። ‹ለ› ላይ መጋጠሚያው ራሱ ተዳፋት ከሆነ ፌርማታውን ሜዳ እስክታገኚ ድረስ ትንሽ ወደ ጊቢው በኩል አንሸራትቺው።

ፀሐይና ዝናብ ላይ አብዛኛው ተማሪ ከሌላ አገር መጽሐፍ ይገለብጣል። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ማንኛውም ጣሪያ ይመክታታል። ችግሩ ጎን ለጎን የምትመጣው ናት። ሐዲድሽ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ከሆነ መጋቢት ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል ወደ 30 ዲግሪ ትወርዳለች። 3 ሜትር ከፍታ ያለው ጣሪያ ጥላው ከ5 ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ሰዉ ከጣሪያው ሥር ቆሞ ፀሐይ ይመታዋል፣ ጥላው ሐዲዱ ላይ ነው ያለው። በምዕራብ በኩል ቋሚ መከለያ ወይም ዛፍ ያስፈልግሻል። በምሥራቅ በኩል ግን አትዝጊ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፣ 1 ሰዓት ላይ ባቡር የሚጠብቅ ተማሪ ፀሐይ ነው የሚፈልገው። ታክሲ ተራ ላይ ሰዉ በበጋ ጠዋት የት እንደሚቆም እዪው፤ ጥላውን ትቶ ፀሐዩ ላይ ነው የሚሰለፈው። ለዝናቡ ደግሞ ጣሪያውን ከፍ አታድርጊው። ከፍ ያለ ጣሪያ በሬንደር ያምራል፣ ሐምሌ ላይ ዝናብና በረዶ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ግን ከሥሩ የቆመውን ያበሰብሳል። ዝቅ ያለና ወደ ጎን የተዘረጋ ይሁን፣ ውሃውም ሰዉ አናት ላይ ሳይሆን በአሸንዳ ወደ ቦዩ ይውረድ።

የፕላትፎርሙን ስፋት በግምት አታስቀምጪ። ለምሳሌ ያህል፣ ቆጠራሽ በ15 ደቂቃ 240 ሰው አመጣ እንበል። ባቡሩ በየ10 ደቂቃው ከመጣ በአንድ ጊዜ የሚጠብቀው 160 ሰው ነው። ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው 0.7 ካሬ ሜትር ስትሰጪ 112 ካሬ ይሆናል። ሁሉም ሻንጣ የያዘበት ቀን ከሆነ ግን ለአንዱ 1.5 ካሬ አድርጊው፣ 240 ካሬ ይመጣል። ባቡሩ 30 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ተቀጣጥለው እንዲቆሙ ካሰብሽ 60 ሜትር ፕላትፎርም ያስፈልግሻል። በሁለቱ ሐዲዶች መሃል 6 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ፕላትፎርም ብታደርጊ፣ ከሁለቱም ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ለደኅንነት ተቀንሶ 288 ካሬ ይቀርሻል። ከዚያ ላይ ወንበሩ፣ ምሰሶው፣ የትኬት ቤቱ አለ። በአዘቦት ቀን በደንብ ይበቃል፣ ተማሪ በሚገባበት ቀን ልክ ልክ ነው። ባቡራችን በሁለቱም ጎን በር ስላለው መሃል ላይ ማድረግ ይቻላል። እኔ የምመርጠውም ይህን ነው፣ ምክንያቱም ማታ ላይ ጥቂት ሰው ሲኖር ሁለት ቦታ ተበታትኖ ከሚቆም አንድ ላይ ቢቆም ይሻላል። መብራቱም፣ ጥበቃውም፣ ትኬት ቆራጩም አንድ ቦታ ይሆናል።

ላይብረሪውን ተዪው። ጊቢው ውስጥ ላይብረሪ አለ፣ ባቡር የሚጠብቅ ሰው 10 ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። ካፌም ቢሆን ዋጋው ለተማሪ የማይቀመስ ከሆነ ባዶ ይሆናል። ተማሪ ፌርማታ ላይ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው፦ ፎቶኮፒና ፕሪንት ቤት፣ የጀበና ቡና፣ ዳቦና ሻይ፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ ንጹህ ሽንት ቤት፣ ውሃ። እነዚህ ባለ 6 እና ባለ 9 ካሬ ትንንሽ ሱቆች ናቸው። አሁን ‹ለ› ላይ በላስቲክ ሥር ለሚሠሩት ሰዎች ስጫቸው፣ አታፈናቅያቸው። ፕላንሽ ላይ ዛሬ ማን የት እንደሚሸጥ አስቀምጪና ነገ የት እንደሚሆን በቀስት አሳዪ። ለባጃጅና ለሚኒባስም ከመሻገሪያው 50 ሜትር ሳይርቅ ቦታ ስጪ፤ ባቡሩ የእነሱን መንገደኛ ይወስዳል ብለሽ አትፍሪ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ሰውን ወደ ባቡሩ የሚያመጡት እነሱ ናቸው።

የመሬት ወረቀቱን እንዳትረሺ። ክፍለ ከተማው ሄደሽ ላይን ማፕ (የይዞታና የመንገድ ወሰን የሚያሳየውን ካርታ) ጠይቂ፣ የመንገዱን ወሰን አረጋግጪ፣ ከከተማው መዋቅራዊ ፕላን ጋር አስተያዪው። ዳር ላይ ያለ መሬት ባዶ መስሎ የአርሶ አደር ይዞታ ሊሆን ይችላል፤ ካሳ ያለበት ነው። በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነም ጠይቀሽ ጻፊ፣ በዚያ በኩል የከተማው ወሰን ቅርብ ነው። ከቃሊቲ ወዲያ ሐዲድ የሌለ መሆኑንና መስመሩ ይቀጥላል ማለትሽ የአንቺ ግምት መሆኑን የመጀመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ አስቀምጪ። ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ቦታው ለአውቶቡስ ፌርማታነት እንደሚያገለግል ብታሳዪ ደግሞ ፕሮጀክትሽ በጣም ይጠነክራል፤ መሻገሪያው፣ መብራቱና የእግረኛ መንገዱ ነገ ቢሠሩ ነገውኑ ይጠቅማሉ።

አቀራረቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ። የፀሐይ ዲያግራም፣ የነፋስ ዲያግራም፣ የትራፊክ ቀስት፣ ሁሉም ያምራል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከዲዛይኑ ጋር አይገናኝም። እያንዳንዱ ሥዕል ሥር «ስለዚህ» ብለሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ምዕራብ ፀሐይ አለ፣ ስለዚህ በዚህ በኩል ዛፍ ተተከለ። ሰዉ በድንጋዩ ይሻገራል፣ ስለዚህ ዜብራው እዚህ ሆነ። «ስለዚህ» የሌለው ሥዕል ካገኘሽ አውጪው። ሦስቱን ቦታ ስታወዳድሪም እኩል ነጥብ ሰጥተሽ አትደምሪ። የማታ ደኅንነት ላይ የወደቀ ቦታ በሌላው ሁሉ ቢያሸንፍም ይቅር። ቆጠራውንና በ‹ለ› በኩል ያለውን የአጥሩን ሴክሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ጣሪያ መሳል ከመጀመርሽ በፊት አብረን እናየዋለን።